የፕሪንሲፔ ጉጉት፦ ሃያ አራት ዓመት የፈጀ ስም

ልጅ ሳለሁ አያቴ ጓሮ ካለው ዋርካ ላይ ጉጉት ከጮኸ የዚያ ቀን እራት በዝምታ ነበር የሚበላው። አያቴ በሩን ገርበብ አድርጋ ጨለማው ላይ እፍኝ አመድ ትበትንና «ሟርትህን ለራስህ!» ትለዋለች። ጉጉቱን ግን አንድም ቀን አይተነው አናውቅም። የምናውቀው ድምፁን ነው። ምን ዓይነት ጉጉት ነው፣ ምን ይበላል፣ ስንት ነው ብሎ የጠየቀ ሰው አላስታውስም፤ ሰፈሩ ሁሉ ግን መኖሩን ያውቃል። ቆይቶ አንድ ተመራማሪ መጥቶ «እዚህ ጉጉት አለ» ብሎ ቢጽፍ አያቴ በሳቅ ትፈርስ ነበር።

ይህን ያስታወሰችኝ በጊኒ ባሕረ ሰላጤ ላይ የምትገኘው የፕሪንሲፔ ደሴት ናት። በ2022 ዙኪስ የተባለው የእንስሳት ምደባ መጽሔት በዚያች ደሴት ብቻ የምትኖር ትንሽ ጉጉት አዲስ ዝርያ መሆኗን የሚያበስር ጥናት አወጣ። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ኦተስ ቢኬዢላ የሚል ሳይንሳዊ ስም ወጣላት። የዓለም ዜና ማሰራጫዎችም «አዲስ ጉጉት ተገኘች» እያሉ ተቀባበሉት። እኔን ያላስተኛኝ «ተገኘች» የምትለዋ ቃል ናት። ማን አገኛት? መቼ? ጠፍታስ ከማን ነበር?

መጀመሪያ ስለ ቦታው። ፕሪንሲፔ በ1975 ከፖርቱጋል ነፃ የወጣችው የሳኦ ቶሜና ፕሪንሲፔ ትንሿ ደሴት ናት። ስፋቷ 139 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ የአዲስ አበባን ሩብ ብታስቡ ትደርሱበታላችሁ። ሕዝቧ አሥር ሺህ አይሞላም። እሳተ ገሞራ ከባሕር ያወጣት ደሴት ስለሆነች ከአፍሪካ ምድር ጋር በየብስ ተገናኝታ አታውቅም። እዚያ ያለ ወፍ ሁሉ እንግዲህ አንድ ቀን ባሕር አቋርጦ በርሮ፣ ወይም ማዕበል ገፍቶት የደረሰ ወፍ ዘር ነው። ደርሶም መመለሻ አጣ። ከዘመዶቹ ጋር መዳቀል ቀረ፤ ትውልድ በትውልድ ላይ ሲደራረብ መልኩም ድምፁም ሌላ ሆነ። ጉጉቷ ስትቆጠር ከፕሪንሲፔ በስተቀር የትም የማይኖሩት የወፍ ዝርያዎች ስምንት ደረሱ። ለአንድ ወረዳ ለማያክል መሬት ይህ ብዙ ነው።

የጉጉቷ የዘር ሐረግ ሲመረመር የተገኘው ነገር ለእኛም የራቀ አይደለም። በዋናው አህጉር የምትገኘው ትንሿ የአፍሪካ ጉጉት፣ ኦተስ ሴኔጋሌንሲስ የምትባለው፣ በአገራችን ቆላ የግራር ደኖችም ውስጥ ትኖራለች። ሌሊት አንዴ አጠር አድርጋ ታንቀጠቅጥና ጥቂት ሰከንድ ዝም ትላለች፣ ደግሞ ትጮኻለች፤ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ድንኳን ተክሎ ያደረ ሰው ነፍሳት መስላው አልፏት ይሆናል። የፕሪንሲፔዋ ጉጉት እሷንና የሳኦ ቶሜዋን ጉጉት ከያዘው የዘር ግንድ ቀድማ የተገነጠለች ቅርንጫፍ ሆና ተገኘች። ጎረቤት ደሴት ላይ ካለችው ተከፍላ የወጣች ሳትሆን ከእሷም ቀድማ መንገዷን የለየች ናት።

አሁን ወደ ሰዎቹ ልምጣ፤ የታሪኩ ሥጋ ያለው እዚያ ነው።

ፕሪንሲፔ ጭራ ቀዩ ግራጫ በቀቀን በብዛት የሚገኝባት ደሴት ናት። ይህ በቀቀን የሰው ንግግር በመቅዳት የታወቀ ስለሆነ ለዘመናት ጫጩቱ እየተያዘ በውጭ ገበያ ይሸጥ ነበር። ጫጩት የሚገኘው ደግሞ በረጃጅም ዛፎች ቀዳዳ ውስጥ ነው። ስለዚህ ደሴቲቱ ላይ አንድ የተለየ ሙያ ነበር፤ ሰማይ ጠቀስ ዛፍ ላይ መውጣት፣ ክንድ እስከ ትከሻ ቀዳዳ ውስጥ መስደድ፣ የመጣውን መያዝ። እነዚህ ሰዎች በቀቀን ፍለጋ እጃቸውን ሲሰዱ አንዳንዴ የሚያገኙት በቀቀን አልነበረም። ፊት ለፊት የሚያይ ትልቅ ዓይን ያለው፣ ትንሽ፣ ላባው የዛፍ ልጥ የሚመስል ፍጡር ነበር። እንዲህ ያለ ወፍ አለ የሚለው የደሴቲቱ ሰዎች ወሬ እስከ 1928 ድረስ ወደ ኋላ ይሄዳል።

ከበቀቀን አዳኞቹ አንዱ ሴሲሊያኖ ዶ ቦም ጄሱስ ነው፤ በቅጽል ስሙ ቢኬዢላ። ፖርቱጋላዊው የወፍ ተመራማሪ ማርቲም ሜሎ በ1998 የጉጉቷን ነገር የሰማው ከእሱ ነው። ሜሎ ወሬውን ንቆ አልተወውም፤ ይህ ሊመሰገንበት ይገባል። በ2009 ከአንድ ባልደረባው ጋር ሆኖ ፕሪንሲፔ ላይ ያልታወቀ ጉጉት ሊኖር ይችላል የሚል ጽሑፍ አወጣ። በዓይን የታየ፣ በካሜራ የተያዘ ማስረጃ የተገኘው ግን በ2016 ነው፤ ቤልጂየማዊው ወፍ ተመልካች ፊሊፕ ፌርቤለን በዚህ ስሙ ይነሳል። ከዚያ ስድስት ዓመት የመለካት፣ የዘረ መል ምርመራና የድምፅ ንጽጽር ሥራ ተሠርቶ በ2022 ስሟ ታወጀ። ሒሳቡን እናስላው፤ ቢኬዢላ ከተናገረበት እስከ ስያሜው 24 ዓመት፣ ወሬው ከተመዘገበበት ከተነሳን ደግሞ 94 ዓመት።

ይህን የምለው ሳይንቲስቶቹን ለመውቀስ አይደለም። «አየሁ» ያለ ሁሉ ዝርያ ቢሰየምለት ኖሮ ሰይጣንም የላቲን ስም በኖረው። ማስረጃ መጠየቁ ሥራቸው ነው። ቢሆንም አንድ ነገር ልብ በሉ። ሜዳው ሩቅ አልነበረም፤ ደሴቲቱ አስተማማኝ ካርታ ነበራት፣ ተመራማሪ ከመቶ ዓመት በፊት ጀምሮ ይመላለስባት ነበር። እንዲያውም ፕሪንሲፔ በሳይንስ ታሪክ ከጉጉቷ በፊት አንድ ጊዜ ገንናለች። በግንቦት 1919 እንግሊዛዊው የከዋክብት ተመራማሪ አርተር ኤዲንግተን ሱንዲ ከሚባለው የካካዎ እርሻ ሆኖ የፀሐይ ግርዶሽ ፎቶ አነሳ፤ ብርሃን በፀሐይ አጠገብ ሲያልፍ እንደሚታጠፍ ያሳየውና የአንስታይንን ስም በዓለም ያስጠራው ምልከታ አንዱ ይህ ነበር። ሰውየው ከብዙ ትሪሊዮን ኪሎ ሜትር የመጣ ብርሃን ሊለካ እዚህ ድረስ መጣ፣ ለካ፣ ሄደ። ጉጉቷ ያን ጊዜም በደሴቲቱ ደቡብ በኩል ትጮህ ነበር። ማንም አልጠየቀም፤ ጠይቆ ቢሆን በቀቀን አዳኞቹ ይነግሩት ነበር።

አጥኚዎቹ ራሳቸው ይህን አልካዱም። ዝርያዋን በቢኬዢላ ስም የጠሩት ያለ እሱ ጥቆማና ትጋት ሥራው እንደማይሆን ገልጸው ነው፤ ስያሜው በየአገሩ ለተመራማሪ መንገድ እየመሩ ስማቸው ለማይነሳ ሰዎች ሁሉ ጭምር እንዲሆን ብለው። ወፍ በንጉሥ፣ በጄኔራል፣ በገንዘብ ሰጪ ስም ሲጠራ ኖሯል። በቀቀን በሚያወርድ ሰው ቅጽል ስም ሲጠራ ግን ብዙ ጊዜ አላየሁም። ሰውየው ራሱ ከአዳኝነት ወጥቶ የፕሪንሲፔ ኦቦ የተፈጥሮ ፓርክ ጠባቂ ሆኗል። («ኦቦ» በደሴቶቹ አነጋገር የተፈጥሮ ደን ማለት ነው።) የበቀቀን ንግዱም ቀስ በቀስ ተዘጋ፤ ከጥር 2017 ጀምሮ ከዱር የተያዘውን ግራጫ በቀቀን በዓለም አቀፍ ገበያ መሸጥ ክልክል ሆነ።

ለመሆኑ ይህን ያህል ጊዜ ያልታየችው ለምንድን ነው? አንዱ መልስ ድምፅዋ ነው። የምትጮኸው አጭር «ቱ» ናት፤ በሰከንድ አንድ ጊዜ ያህል፣ ቶሎ ቶሎ፣ ሳትታክት። ብዙ ጊዜ ጥንዶች ሆነው ይቀባበሉታል። ምድር ወገብ አጠገብ ምሽት አያዘግምም፤ ፀሐይዋ እንደገባች ጥቁር ይሆናል፣ ጉጉቶቹም ወዲያው ይጀምራሉ። ግን ያን ሰዓት የሚጀምሩት እነሱ ብቻ አይደሉም። ፌንጣው፣ እንቁራሪቱ፣ ስሙ የማይታወቅ ነፍሳት ሁሉ አንድ ላይ ሲነሳ «ቱ፣ ቱ፣ ቱ» የምትለዋን ለይቶ «ይሄ ወፍ ነው» ማለት ቀድሞ የሚያውቃት ጆሮ ይፈልጋል።

ድምፅዋ የተደበቀችበትን ያህል መታወቂያዋም ሆኗል። ዘማሪ ወፎች ዜማቸውን ከወላጅ ይማራሉ፤ ስለዚህ እንደየሰፈሩ ቅላጼ አላቸው። ጉጉት ግን ጩኸቷን አትማርም፤ ይዛው ትወለዳለች። የጉጉት ጩኸት ከተለየ ደሙም ሳይለይ አይቀርም የሚባለው ለዚህ ነው። በመልክ ትንንሾቹ ጉጉቶች እርስ በርስ እጅግ ይመሳሰላሉ፤ የፕሪንሲፔዋም ራሷ አንዳንዷ ቀላ ያለ ቡናማ፣ አንዳንዷ ግራጫ ቡናማ ናት፣ ዓይኗ ቢጫ። በላባ ብቻ ቢሆን ክርክሩ አያልቅም ነበር።

ድምፁ ከተለየ በኋላ ሥራው ቀለለ። ተመራማሪዎቹ ደሴቲቱን አዳርሰው በየቦታው ሌሊት እየቆሙ አዳመጡ፣ ሰው ሊያድርበት በማይችለው ገደል ደግሞ በራሱ የሚሠራ ድምፅ መቅጃ አስቀመጡ። ውጤቱ አስደሳችም አስደንጋጭም ነበር። ጉጉቷ የምትኖረው በደሴቲቱ ደቡብ ባለው፣ ሰው በማይኖርበት ያልተነካ ደን ብቻ ነው፤ 15 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል። አራት ኪሎ ሜትር በአራት ኪሎ ሜትር የሆነ መሬት ማለት ነው፤ መንገድ ቢኖረው ኖሮ ጤነኛ ሰው በአንድ ሰዓት አካሄድ ይሻገረዋል። እዚያ ውስጥ ግን ጥቅጥቅ ብለው ነው የሚኖሩት። ከ1,000 እስከ 1,500 እንደሚደርሱ ተገምቷል።

ለምን ደቡቡ ብቻ? ካካዎ ነው መልሱ። ይህ ተክል ከብራዚል ወደ አፍሪካ የገባው በእነዚህ ደሴቶች በኩል ሲሆን ሃያኛው ክፍለ ዘመን ሲጀምር ሳኦ ቶሜና ፕሪንሲፔ ከዓለም ቀንደኛ የካካዎ አምራቾች ተርታ ነበሩ። የፕሪንሲፔ ሰሜንና መካከሉ ለእርሻ ተመነጠረ። ደቡቡ ገደላ ገደል፣ ዝናቡም የማያባራ ስለነበር ቀረ። በኋላ እርሻዎቹ ሲዳከሙ ብዙ ቦታ ላይ ዛፍ ተመልሶ በቅሏል፤ ከአውሮፕላን ለሚያይ ሰው ደሴቲቱ ከዳር እስከ ዳር አረንጓዴ ናት። ጉጉቷ ግን በዚህ አረንጓዴ አልተታለለችም። የምትፈልገው ያረጀውን ደን ነው። እኛም አገር «ደን ሽፋን ይህን ያህል ደረሰ» ሲባል ይህን ልዩነት ብናስታውስ መልካም ነበር።

አንባቢ እዚህ ላይ ሊጠይቅ ይችላል፤ ሺህና ከዚያ በላይ ካለች፣ ያለችበትም ደን ፓርክ ከሆነ፣ ተመራማሪዎቹ በዓለም አቀፉ ቀይ መዝገብ «ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡ» ወገን ትመደብ ያሉት ለምንድን ነው? ምደባው ቁጥር ብቻ አይቆጥርም። አንድ ዝርያ የተሰራጨበት ስፋት ከ100 ካሬ ኪሎ ሜትር ካነሰ፣ ያለውም በአንድ ቦታ ብቻ ከሆነ፣ መኖሪያው እየጠበበ እንደሚሄድ የሚያሳይ ነገር ካለ፣ ዛሬ ደህና ብትሆንም እዚያ ምድብ ትገባለች። ንግግሩ ስለ ዛሬ ሳይሆን ስለ አንድ ክፉ ቀን ነው። ንብረቱን ሁሉ በአንድ ጎተራ ያስቀመጠ ገበሬ ዘንድሮ እህል ሞልቶለት ይሆናል፤ እሳት ከመጣ ግን ሁለተኛ ጎተራ የለውም።

እሳቱ ምን ሊሆን ይችላል? ጥናቱ በወጣበት ጊዜ በስም የተጠቀሰው ስጋት ግድብ ነው፤ ከጉጉቷ መኖሪያ የተወሰነውን ሊነካ የሚችል አነስተኛ የውሃ ኃይል ማመንጫ። ግድብ ሲባል የእኛ ሰው ጆሮው ይቆማል፤ የመብራት ጥማት ምን እንደሆነ እናውቃለንና የደሴቲቱን ሰዎች ፍላጎት የማጣጥል የመጨረሻው ሰው ነኝ። ነዳጅ በመርከብ እየመጣለት በጄኔሬተር ለሚኖር ሕዝብ የራሱ ወንዝ መብራት መስጠቱ ትልቅ ነገር ነው። «ወፍ ወይስ ሰው» ብሎ ማጋጠም ግን ስንፍና ይመስለኛል። የእኔን ግምት ልናገር፦ ከግድቡ ይልቅ የምፈራው ወደ ግድቡ የሚወስደውን መንገድ ነው። ውሃው የሚሸፍነው መሬት ልኩ ይታወቃል። መንገድ ግን ከተከፈተ መጋዝ ይከተላል፣ ከመጋዝ በኋላ ጎጆ፣ ከጎጆ ጋር ድመትና አይጥ። ደቡቡን እስካሁን የጠበቀው ሕግ ሳይሆን ገደሉ ነው፤ ፓርኩ የተቋቋመው በ2006 ነው፣ ጉጉቷ ግን ከዚያ በፊት በካካዎ ዘመን ሁሉ ተርፋለች። አይጥና ሞና ጦጣ ደሴቲቱ ላይ በሰው እጅ የገቡ እንግዶች ናቸው፤ ዛፍ ቀዳዳ ውስጥ እንቁላል ለሚጥል ወፍ ሁለቱም ደግ ጎረቤት አይደሉም።

ክፉ ቀን ምን እንደሚመስል ለማየት ሌሎች ደሴቶችን ማየት ይበቃል። ኢንዶኔዥያ ውስጥ ባለችው ሲያው ደሴት በ1866 አንዲት ትንሽ ጉጉት ተይዛ ወደ ሙዚየም ሄደች፤ የዚያ ዝርያ ማስረጃ እስካሁን ያቺው አንዷ ናት። የኮሞሮስ አንዧን ደሴት ጉጉት አንድ ምዕተ ዓመት ያህል ጠፍታ በ1992 እንደገና ተገኘች። የሲሸልሷም ጠፋች ከተባለ በኋላ በ1959 ማሄ ደሴት ተራሮች ላይ ብቅ አለች። የኖርፎክ ደሴት ጉጉት ነገር ግን ከሁሉ ይብሳል። በ1986 ከመላው ዘር የቀረችው አንዲት ሴት ብቻ ነበረች። አውስትራሊያውያን ከኒው ዚላንድ የቅርብ ዘመድ ወንዶች አምጥተው አጋቧት፤ ዛሬ እዚያ ያሉት ሁሉ የእሷ ቅልቅል ልጆች ናቸው። ዝርያ ዳነ ይባል ወይስ አልዳነም፣ ፍርዱን ለእናንተ ልተወው።

ከእነዚህ ጋር ስትተያይ ፕሪንሲፔ እድለኛ ናት፤ ጉጉቷ ስም ያገኘችው ገና ሺህ ሆና ነው። ስም ደግሞ ቀላል ነገር አይደለም። ስም የሌለው ወፍ በቀይ መዝገብ አይገባም፣ የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ ላይ አይጠቀስም፣ ለጥበቃው ገንዘብ የሚለምንበት ወረቀት አይኖርም። ግድቡን የሚያጠና መሐንዲስ በ2015 «ጉጉት አለ» ቢባል ትከሻውን ሰብቆ ማለፍ ይችል ነበር፤ ዛሬ አይችልም። ቢኬዢላ 24 ዓመት ሙሉ ያወራው ወሬ ወረቀት ላይ ሲሰፍር ያገኘው አቅም ይሄ ነው፤ ያሳዝናልም፣ እውነትም ነው።

ደሴቲቱም ዝም ብላ አልተቀመጠችም። በ2012 ዩኔስኮ ፕሪንሲፔን የባዮስፌር ክልል አድርጎ መዘገባት፤ በ2025 ደግሞ ሳኦ ቶሜ ተጨምራ አገሪቱ በሙሉ የባዮስፌር ክልል ሆነች። የኡቡንቱ ሶፍትዌር መሥራች የሆነው ማርክ ሻትልዎርዝ ደሴቲቱ ላይ በሆቴልና በእርሻ ገንዘብ ካፈሰሰ ዓመታት ሆኖታል። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ የተፈጥሮ ጥበቃ ደንብ ለማክበር ለሚስማሙ ነዋሪዎች በየጊዜው ገንዘብ የሚከፈልበት አሠራር ተጀምሯል። አንድ ባለጸጋ የአንድን ደሴት ደን በኪሱ ሲይዘው ቅር የሚለኝ ነገር አለ፤ ነገ ሐሳቡን ቢቀይርስ? ግን ዛፍ ላለመቁረጥ የሚከፈለው ሰው ያው ዛፉ ሥር የሚኖረው ሰው መሆኑ ትክክል ነው። በቀቀን አዳኙን ጠባቂ ያደረገው ስብከት አይመስለኝም፤ በሚያውቀው ነገር እንጀራ መብላት መቻሉ ነው።

ወደ አገር ቤት ልመለስና ልጨርስ። በ1990 ነጭ ሳር ብሔራዊ ፓርክ የገባ የጥናት ቡድን መንገድ ላይ መኪና የደፈጠጠው የወፍ ሬሳ አገኘ፤ ሌሊት እየበረረ ነፍሳት የሚለቅም ወፍ (የሌሊት ወፍ ከምንለው አጥቢ እንስሳ ጋር አይምታታባችሁ፣ ይሄ ላባ ያለው ነው)። ከሬሳው የሚረባው አንዱ ክንፍ ብቻ ስለነበር እሱን ይዘው ወደ እንግሊዝ ሄዱ። ከየትም ሙዚየም ክንፍ ጋር አልገጥም አለ። በ1995 በዚያው አንድ ክንፍ አዲስ ዝርያ ተባለ፤ የላቲን ስሙም ሶላላ፣ «ብቸኛ ክንፍ» ለማለት ነው። በ2009 ፍለጋ የሄዱ ወፍ ተመልካቾች አየነው ብለዋል። እኔ ዕድሉ ቢሰጠኝ ግን መቅጃና መብራት ከመግዛቴ በፊት ነጭ ሳር ሜዳ ላይ ከከብቶቻቸው ጋር የሚያድሩትን የጉጂ እረኞች፣ ቁልቁለቱ ላይ የሚያርሱትን የኮሬ ገበሬዎች ቁጭ ብዬ ነበር የምጠይቀው፦ ሲመሽ ከሣሩ ውስጥ ብድግ የምትለውን ወፍ ምን ትሏታላችሁ?